በሰው አፍንጫ

ሰፈሩ በሙሉ «አፍንጫው» ነበር የሚለው። አፍንጫው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ፊቱ ላይ ተፈልጋ የምትገኝ ትንሽ ነገር ናት። ግን ያቺ ትንሽ ነገር ያልለየችው ሽታ አልነበረም። ደረጃ ሲወጣ የጎረቤት ወተት ሊገነፍል መሆኑን አውቆ በር ያንኳኳል። ታክሲ ውስጥ ገብቶ ሳይቀመጥ «ፍሬንህ እየነደደ ነው» ብሎ ሾፌሩን ያስደነግጣል። የተናደደ ሰው «አፍንጫህን ላስ!» ሲለው «ልሼ ልሼ እኮ ነው እንዲህ የሰላው» ብሎ ይስቃል።

የሚሠራው ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ድሮ ጋራዥ በነበረ አዳራሽ ውስጥ በተከፈተ አነስተኛ የቢራ መጥመቂያ ነበር። ወለሉ እስካሁን የዘይት እድፍ አለበት። ዱሮ ሞተር ያነሳ የነበረው የጣሪያው ሰንሰለት አሁን የብቅል ጆንያ ያነሳል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በአንድ ጠዋት የሚያወጡት ቢራ እዚህ ቤት በወር አይወጣም፤ ግን አንዴ የቀመሰ ሰው ጓደኛ አስከትሎ ይመለሳል። ዋና ጠማቂው እሱ ነው። ነጋዴው ብቅል ሲያመጣ እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ሰዶ ከሥር ይዘግናል፣ ያሸታል። «ይሄን ዝናብ አግኝቶታል» ካለ ጆንያው ተመልሶ መኪና ላይ ይወጣል። ክርክር የለም።

ቤት ውስጥም የሚያበስለው እሱ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ በመርፌ የማትሠራው የለም፣ ምድጃ አጠገብ ስትደርስ ግን ውሃ ታሳርራለች። ስለዚህ ገና ሲጋቡ ሥራ ተከፋፈሉ፤ የተቀደደው የእሷ፣ የተራበው የእሱ። ከሥራ ሲመለስ ከጥመቃው የተረፈውን የብቅል አተላ ገና እንፋሎቱ ሳይለቀው በባልዲ ይዞ ይመጣል። አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ ከዱቄት ጋር ይለውሰዋል። እርሾውም ከቢራው ታንክ ሥር የተቀዳ ነው። ከዚያ የሚወጣው ዳቦ ቅርፊቱ እንደ ቆዳ የወፈረ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ጠቆር ያለ ነበር። ሥጋ ሲሠራ ሽንኩርቱን በጥቁር ቢራ ያበስለዋል። ኩሽናው ከመጥበቡ የተነሳ የምድጃውን በር ለመክፈት ወንበሩን ወደ ኮሪደር ማውጣት ያስፈልጋል። ከግድግዳው ወዲያ የሚስቱ የስፌት መኪና ይንተከተካል። አንዳንዴ ይቆምና ድምጿ ይመጣል።

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«አሽትተሽ ገምቺ።»

«እኔ አንተን መሰልኩህ?»

እንዲህ ሲባባሉ ምግቡ ይደርሳል።

በሥራ ቦታ የቅርብ ሰው የሚለው አንድ ብቻ ነበር፤ «ሎጋው» ይሉታል። እንደ ሸምበቆ የረዘመ፣ ሲሄድ የበር መቃን እያየ ጎንበስ የሚል። መጥመቂያው የገባው ጠርሙስ አጣቢ ሆኖ ነው። ብቅል መምረጥ፣ ድፍድፍ ማማሰል፣ ታንክ አጥቦ ማምከን፣ ቢራ ሲበላሽ ከየት እንደሚጀምር፣ ሁሉንም ያስተማረው አፍንጫው ነው። የእረፍት ቀን እነሱ ቤት ነው የሚበላው። የሠርግ ልብሱን የሰፋችለት የአፍንጫው ሚስት ናት፤ «ለዚህ ሱሪ የገባው ጨርቅ ለሌላ ሰው ሙሉ ልብስ ይወጣው ነበር» እያለች። ሎጋው አንዳንዴ «ጋሼ፣ አንዴ የራሴን ቢራ ልሥራ» ይለዋል። አፍንጫውም «ገና ነህ፤ ምላስህ ይብሰል» ብሎ ትከሻውን ይመታዋል። ሎጋው ፈገግ ይላል። ያ ፈገግታ ውስጡ ምን እንዳለው አፍንጫው አንድም ቀን አልጠየቀም።

በአንድ የዝናብ ወቅት ከባድ ጉንፋን ጣለው። ላብ በላብ ሆኖ አልጋ ላይ ከረመና ተነሳ። ደህና ሆንኩ አለ። አንድ እሑድ ሽንኩርት ጥዶ፣ ጀርባውን ለምድጃው ሰጥቶ በሬዲዮ ኳስ እየሰማ ሳለ ሚስቱ ከግድግዳው ወዲያ ጮኸች።

«ኧረ ምንድን ነው የሚያርረው?»

ዞር ሲል ኩሽናው በጭስ ተሞልቷል። ድስቱ ውስጥ ያለው ከሰል ሆኗል። ሳቀና «ኳሱ ወሰደኝ» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ በሩን ዘጋና ፊቱን ወደ ድስቱ አስጠጋ። ምንም። የኮምጣጤ ጠርሙስ ከፍቶ ሳበ። አፍንጫውን ቆጠቆጠው እንጂ ሽታ አልነበረውም። ሳሙና፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የእቃ ማጠቢያው ጨርቅ። ዓለም በሙሉ ውሃ ሆናለች። ዳቦ ቆርሶ አኘከ፤ ስፖንጅ የሚያኝክ መሰለው።

ሐኪሙ በባትሪ አፍንጫው ውስጥ አየና «ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው» አለው።

«ትዕግሥት የሚሸጠው የትኛው ፋርማሲ ነው?» አለ አፍንጫው። ሐኪሙ ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ለሚስቱ አልነገራትም። ነገ ይመለሳል፣ ከነገ ወዲያ ይመለሳል እያለ አቆየው። ውሎ ሲያድር ደግሞ የመናገሪያው ጊዜ አለፈ። እንዴት ብሎ ይጀምር? ሰው ሁሉ በዚያች አፍንጫ ነው የሚጠራው፤ እሷ ከሄደች ምን ብለው ይጥሩት?

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሱንም ያወጣው ብቅል ነው። ከሎጋው ጋር የፈላውን ድፍድፍ በረጅም መቅዘፊያ እያማሰሉ ነበር። እንፋሎቱ ፊታቸው ላይ ይወጣል። ሎጋው ዓይኑን ጨፍኖ «እንዴት ደስ ይላል ይሄ ሽታ!» ሲል የአፍንጫው እጅ ቆመ።

«አይሸተኝም» አለ።

«ምኑ?»

«ምንም። ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ምላሴም አብሮ ሄዷል።»

ሎጋው መቅዘፊያውን ለቀቀ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። ፊቱን ሲያይ ግን አቀፈው፣ ያን ሁሉ ቁመት አጥፎ።

«ማን ያውቃል?» አለው።

«አንተና ሐኪሙ።»

«በቃ። ሌላ ሰው አይወቅ። እኔ አፍንጫህ እሆናለሁ፣ ጋሼ። እስኪመለስልህ ድረስ።»

እንዳለውም አደረገ። ብቅል ሲመጣ አፍንጫው እንደ ወትሮው ዘግኖ ያሸታል፤ ሎጋው ከነጋዴው ጀርባ ቆሞ ደህና ከሆነ አንገቱን ያካል፣ ካልሆነ እጁን ኪሱ ይከታል። ታንክ ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀምሰው ሎጋው ነው፤ ጆሮው ሥር ያንሾካሹክለታል። አፍንጫውም ያንኑ ቃል ጮክ ብሎ ለመጥመቂያው ባለቤት ይናገራል። ባለቤቷ ንግድ እንጂ ጠመቃ የማታውቅ፣ አነጋገሯ ቁርጥ ያለ ሴት ናት። «አንተ ካልክ አለቀ» ትለዋለች። ይሄን ስትል ሎጋው ወለሉን ይመለከታል። አፍንጫው በውለታ ብዛት «አንድ ታንክ ለልምምድ ውሰድ፣ የፈለግከውን ጥመቅባት» ብሎ በጥግ ያለችውን ትንሿን ሰጠው።

ቤትም እንደዚያው በግምት ያበስላል። ጨው በእጁ፣ ቅመም በልማዱ። ሚስቱ ትጎርሳለች፣ ታላምጣለች፣ ውሃ ትጠጣለች።

«እንዴት ነው?»

«ግሩም ነው። ጨምርልኝ።»

እሷ ጨምርልኝ ካለች ጥሩ ነው ማለት ነው። ያቺን ቃል ይዞ ተመስገን እያለ ያድራል።

ባለቤቷ ለትልልቅ ምግብ ቤቶች ማስረከብ ፈልጋ ገዢዎችን የጋበዘች ጊዜ ነገሩ መጣ። ለዚያ ቀን የተጠመቀ አዲስ ቢራ ነበር። በዕለቱ ጠዋት ሎጋው ከታንኩ ቀድቶ ቀመሰ። አፍንጫው ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

«እ?»

ሎጋው ብርጭቆውን በብርሃን አየው፣ እንደገና ቀመሰ። «አንደኛ ናት፣ ጋሼ።»

«አደራህን። ዛሬ እንደ ሌላው ቀን አይደለም።»

«አንደኛ ናት አልኩህ እኮ!»

እንግዶቹ መጡ፤ የምግብ ቤት ባለቤቶች፣ ሁለት ሼፎች። አፍንጫው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ የራሱን የብቅል ዳቦ ቆርሶ በትሪ አቅርቦ ስለ ቢራው ተናገረ። ማር ማር እንደሚል፣ መጨረሻ ላይ የብርቱካን ልጣጭ እንደሚመስል፣ ሎጋው የነገረውን ሁሉ እንደ ራሱ አድርጎ አወራ። ተቀዳ። ብርጭቆ ተነሳ። አንዷ ሼፍ የተጎነጨችውን መልሳ ብርጭቆው ውስጥ ተፋች። አንድ ሽማግሌ የምግብ ቤት ባለቤት በቀስታ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ኮምጣጤ ነው» አሉት።

አፍንጫው ጠጣ። ውሃ ነው። ሳቀና «አይ፣ ጠንከር ያለ ዓይነት ስለሆነ ነው» አለ። ያን ማለቱ ነው የጨረሰው። ባለቤቷ ከብርጭቆው ቀመሰችና ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄን ቀምሰኸዋል?»

ወደ ሎጋው ዞረ። «ተሳሳትኩ» እስኪል ጠበቀው። ስህተት ቢሆን እኮ ይቅርታው ቀላል ነበር። ሎጋው ግን ወደ እሱ አላየም። ወደ ባለቤቷ ነው ያየው።

«እትዬ፣ አይቀርብም ብዬው ነበር። እምቢ አለኝ። ማሽተት ካቆመ እኮ ከርሟል። ለእርስዎ መንገር ጨንቆኝ ነው እንጂ።»



«እውነት ነው?» አለች ባለቤቷ።

አፍንጫው «ውሸቱን ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ግን የቱን ነው ውሸት የሚለው? አለማሽተቱን ሳያምን «አይቀርብም ብዬው ነበር» የሚለውን ውሸት ማጋለጥ አይችልም። ባለቤቷ ብልህ ነበረች፤ ሁለት ብርጭቆ ከተለያየ ቦታ አስቀድታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «አንዱ የተበላሸው ነው። የቱ?» አለችው። እሱም አንዱን አነሳ። ከልማድ ዓይኑን ጨፈነ፣ በረጅሙ ሳበ። ከዚያ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጠና «አላውቅም» አለ።

አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል፤ የእሱ ዓይን ያለቀሰው ግን በዚህ አልነበረም። ሎጋው በዚያው ለስላሳ ድምፁ «እትዬ፣ እንግዶቹ ባዶ አፋቸውን ከሚሄዱ በትንሿ ታንክ ያለችውን እናቅምሳቸው» ሲል ነው። ቀዳላቸው። ጠጡ። ያቺ የተፋችው ሼፍ «ይሄማ ሌላ ነው!» ብላ ብርጭቆዋን ደግማ ዘረጋች። አፍንጫው ያኔ ሁሉም ገባው። ጠዋት ላይ «አንደኛ ናት» የተባለው ተሳስቶ አልነበረም። ትሪው ላይ የቀረውን ዳቦ ሰብስቦ፣ ጋዋኑን ሰንሰለቱ ላይ ሰቅሎ ወጣ። ማንም አልጠራውም።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ቀሚስ እየጠቀመች ነበር። ፊቱን አይታ መኪናዋን አቆመች። ሁሉንም ዘረገፈላት፤ ጉንፋኑን፣ የሽንኩርቱን ቀን፣ የሐኪሙን ነገር፣ የሎጋውን። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለ መጨረሻ ላይ፣ የሌላ ሰው በሚመስል ሳቅ እየሳቀ። ሚስቱ ስለ ሎጋው ስትሰማ ቀሚሱን ከጉልበቷ ላይ አሽቀነጠረችው። ስለ አፍንጫው ግን አልደነገጠችም። እሱ ያስተዋለው ይህንን ነው።

«ምነው አልገረመሽም?» አላት።

ጣቷ ላይ ያለውን የመርፌ መግፊያ አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች።

«አውቅ ነበር» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጨው። አንድ ቀን ሾርባው ጨው በጨው ነበር። አንተ ግን እንደ ጉድ ትበላለህ። በማግስቱ ደግሞ ድንቹ ጨው አላየም። ያኔ ገባኝ።»

«ግሩም ነው ትዪኝ ነበር እኮ! ጨምርልኝ ትዪ ነበር!»

«ታዲያ ምን ልበልህ? ምድጃው አጠገብ ስትቆም ነው ደስ የሚልህ። እስክትነግረኝ ጠበቅኩ። አልነገርከኝም።»

ይሄ ከሎጋው ይልቅ አቃጠለው። ለምን እንደሆነ ለራሱም ለማስረዳት ተቸገረ። ሎጋው ሊጥለው ዋሸ፤ እሷ እንዳይወድቅ ዋሸች። ልዩነቱ ይገባዋል፣ ሞኝ አይደለም። ግን ሁለቱም በዚያው ፊት፣ በዚያው ድምፅ ነው የነገሩት። አንዱ «አንደኛ ናት» አለው፣ አንዷ «ግሩም ነው» አለችው። እሱ ሁለቱንም አመነ። ሽታ የጠፋበት ሰው የቀረው የሰው ቃል ነው፤ ያም እንደ ቢራው ኮመጠጠ።

«አንቺም?» አላት ብቻ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከዚያ በኋላ ኩሽና አልገባም። አተላው ባልዲ ውስጥ ሻግቶ ተደፋ። ሚስቱ ታበስላለች፤ ያረረ ሩዝ፣ ጥሬ ድንች። እሱ ይበላል፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። «እንዴት ነው?» ስትለው «ግሩም ነው» ይላታል። ታውቃለች፤ ዓይኗ እንባ ይሞላል፤ እሱም ያያል፣ ግን አይተዋትም። እንዲህ ያለ ክፋት ከየት እንዳመጣው ለራሱም ይገርመው ነበር።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አማቱ መጡ። ወገባቸውን ሊታከሙ መጥተው ነው። ከድሮም ወንድ ልጅ ድስት ሲያማስል ማየት የማይወዱ፣ አፋቸው ላይ ማጣሪያ የሌላቸው ሴት ናቸው። የልጃቸውን ምሳ አንድ ጊዜ ጎረሱና ሳህኑን ገፉት።

«ይሄ ለማን ነው የተሠራው? ለጠላት?»

«እማዬ!» አለች ሚስቱ።

«ምን እማዬ ትይኛለሽ! አንተስ፣ ምን ብለህ ነው እንዲህ የምትውጠው? ያ ሁሉ ሞያህ የት ሄደ?»

«አይሸተኝም፣ እማማ። ምላሴም ሞቷል።»

«እጅህም ሞቷል?»

«እጄማ ደህና ነው።»

«ታዲያ ተነሳና አብስል! እኔ እቀምሳለሁ። ወገቤን እንጂ ምላሴን አላመመኝ።»

ተነሳ። ከማክበርም ከመገረምም ነው የተነሳው። የመጀመሪያው ቀን ሾርባ ሲያቀምሳቸው «ባሕር ነው እንዴ? ድፋው!» አሉት። ሚስቱ ደነገጠች። እሱ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ እውነተኛ ሳቅ ሳቀ። ደፋው፣ እንደገና ሠራ። «አሁን ሰው ይበላዋል፤ ውሻ ግን ያንገራግራል» አሉት። ውሎ አድሮ በሚዛን መስፈር ጀመረ፤ የዳቦውን ሊጥ በጣቱ እየተጫነ መድረሱን ያውቃል፣ የበሰለውን ዳቦ ከታች አንኳኩቶ በድምፁ ይለያል። ሚስቱም ቀስ በቀስ ከእናቷ ተማረች። አንድ ቀን እሱ ሳይጠይቃት፣ ዓይኗን ሰሃኗ ላይ ተክላ «ቅመሙ በዝቷል፤ አልወደድኩትም» አለችው። እጇን ያዘው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የነገሩትን ሁሉ ያምናል ማለት ግን አይደለም። እስከ ዛሬ «ጥሩ ነው» ስትለው ፊቷን አንድ ሁለቴ ያያል። እሷም እንደሚያያት ታውቃለች። ይሄ ነገር በመካከላቸው በካውያ ተተኩሶ እንዳልጠፋ የጨርቅ እጥፋት ቀረ።

ከሎጋው ጋር የተገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዱቄት ሊገዛ ወፍጮ ቤት ተሰልፎ ሳለ ያ ረጅም ሰው በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። አሁን ዋና ጠማቂ እሱ ነው፤ ቢራውም ይወደሳል አሉ። ሊመለስ ነበር፤ ግን ዓይን ለዓይን ተጋጥመዋል።

«ጋሼ።»

አፍንጫው ከሰልፉ ጋር አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ።

«አንድ ነገር ልበልህ። ያኔ ሁሉንም እኔ ነበርኩ የምቀምሰው። ብቅሉን የምመርጠው እኔ፣ ምን እንደሚጎድለው የማውቀው እኔ። ሞገሱ ግን የአንተ። "አንተ ካልክ አለቀ" ስትልህ እዚያው ቆሜ እኮ ነው። ሰለቸኝ፣ ጋሼ። የሰው አፍንጫ መሆን ሰለቸኝ።»

አፍንጫው አሰበ። ከተናገረው ውስጥ እውነት ያልሆነ አንድም ቃል አላገኘበትም። ያም አናደደው።

«ሰለቸኝ ብትለኝ እኮ እኔው ራሴ ከባለቤቷ ፊት አቆምህ ነበር» አለው።

«ገና ነህ ትለኝ ነበር።»

ተራው ደረሰ። ዱቄቱን ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገና ወጣ። መንገድ ላይ ሲሄድ «ገና ነህ እለው ነበር?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንስ? ሰው «ገና ነህ» ስለተባለ አደራ ይበላል? እስከ ቤቱ ከራሱ ጋር ሲሟገት ደረሰ፤ ሙግቱን ግን አልረታም፣ አልተረታም።

አሁን አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ሊጥ ይመለከታል። ሽታው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። አልፎ አልፎ ድንገት አንድ ነገር ውል ይልበታል፤ ያልተጠራ፣ የተሳሳተ፤ ሎሚ ሲላጥ የጎማ ሽታ ይሸተዋል። ለቀጣሪው ገና በመጀመሪያው ቀን «አፍንጫዬ አይሠራም፤ እጄና ጆሮዬ ግን ይሠራሉ» ብሎ ነግሮታል። ቀጣሪውም «እኛ ዳቦ ነው የምንሸጠው፣ ሽቶ አይደለም» ብሎ ቀጠረው። እዚያ የድሮ ቅጽል ስሙን የሚያውቅ የለም፤ «መምህር» ይሉታል፣ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም።

በቅርቡ የዳቦ ቤቱ ሠራተኞች ከሥራ በኋላ ተሰብስበው የሚዝናኑበት ቀን ነበር። አንዱ ወጣት ጋጋሪ ከዋናው መንገድ ጀርባ ግሩም ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች አሉ ብሎ ሣጥን ሙሉ ተሸክሞ መጣ። ለሁሉም ከፈተ። ለእሱም ዘረጋለት፤ የሎጋው ቢራ ነበር።

«መምህር፣ ይሄን ሳትቀምስ እንዳትሞት!»

«እኔ ቢራ አልጠጣም» አለ አፍንጫው።

«ጠጥተህም አታውቅ?»

አጠገቡ ውሃ ስለነበር ብርጭቆውን አነሳና ጠጣ፣ ጊዜ ለመግዛት።

«እንጃ» አለ። «አልለመድኩትም።»

ልጆቹ ተያዩና ሳቁ። «ተዉት፣ ጨዋ ሰው ነው» አለ ጋጋሪው፣ ጠርሙሱንም ለሌላ ሰው ሰጠው።